ራሱን ያስተካክላል የተባለው ሰዓት
(በሬዲዮ የሚመራ የደወል ሰዓት አሞላልና አያያዝ)

ከ2ኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ

እንደሚታወቀው እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከ1ኛ ዓመት ጀምሮ ሳንሰማው የማንውለው ምክር ቢኖር «ሰዓት አክብሩ» የሚለው ነው። ዜና ካረፈደ ዜናነቱ ይቀንሳል፤ የሬዲዮ ዝግጅት በ2 ደቂቃ ከዘገየ አድማጩ ጣቢያ ይቀይራል። ነገር ግን ሰዓት ለማክበር መጀመሪያ ትክክለኛ ሰዓት መያዝ ያስፈልጋል። የያዝነው ሰዓት ትክክል መሆኑን ደግሞ በምን እናውቃለን? ይህን ጥያቄ እንድጠይቅ ያደረገኝ በክፍል ውስጥ የተማርኩት ሳይሆን ሀቢቾ፣ አጎቴ ቤት የደረሰ ነገር ነው። በዚህ ጽሑፍ በቅድሚያ ታሪኩን፣ በመቀጠል የሰዓቱን አሠራር፣ በመጨረሻም አሞላሉንና አያያዙን ለማቅረብ እሞክራለሁ።

ሀቢቾ የመጣው ሰዓት

ጀርመን አገር የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ አንድ ትንሽ የጠረጴዛ ሰዓት ላከ። በስልክም «ይሄ ሰዓት በሬዲዮ ራሱን ያስተካክላል፤ ባትሪ ድንጋይ ብቻ አስገቡለት፤ ሌላ ምንም አትንኩ» አለ። ሰዓቱ ሲደርስ እኔ ለእረፍት ሀቢቾ ነበርኩ። ከቤቱ ልጆች ኮሌጅ የገባሁት እኔ ስለሆንኩ ሥራው ለእኔ ተሰጠ።

ጊዜው ምሽት ላይ ነበር። መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ስለነበር የሁላችንም ስልክ ዘግቷል። ሁለት ባትሪ ድንጋይ አስገባሁ። ስክሪኑ ላይ 0፡00 የሚል ታየ፤ በጎኑም የአንቴና ምልክት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ልጆቹ ቁልፎቹን ሊነካኩ ሲሞክሩ አጎቴ «አትንኩት! ራሱ ያስተካክላል ተብሏል» ብሎ ተቆጣ። ሁላችንም ትተነው ወደ እራት ሄድን።

ከእራት በኋላ ስናየው ሰዓቱ 2፡20 ይላል። እኛ በግምት ወደ 3 ሰዓት ሆኗል ብለን ስናስብ ስለነበር ብዙም አልራቀብንም። እንዲያውም «አገኘው! አስተካከለ!» ብለን ተደሰትን። የአንቴናው ምልክት ግን ጠፍቶ ነበር። እኔም ምልክቱ የጠፋው ሥራውን ስለጨረሰ ነው ብዬ ለቤተሰቡ አስረዳሁ። ይህን ያልኩት ከየት አግኝቼ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በማግስቱ አጎቴ የዓይን ሕክምና ቀጠሮ ነበረው፤ አዲስ አበባ፣ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት። ከሆሳዕና አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሆሳዕናውን የጠዋት አውቶቡስ ለመያዝ ደግሞ በሰፈራችን በኩል የሚያልፈውን የንጋት 11 ሰዓት መኪና ማግኘት ግድ ነው። ስለዚህ አላርሙን 10፡30 ላይ ሞላሁት። አክስቴ ሌሊት ዶሮ ሲጮኽ ሰምታ ነቅታ ነበር። «ዶሮው ጮኾ የለም እንዴ?» ስትል አጎቴ «የጀርመኑ ሰዓት መች ደወለ? ተኚ» አላት። አክስቴም ተመልሳ ተኛች።

ሰዓቱ 10፡30 ሲል ደወለ። አጎቴ ለባብሶ ወደ መንገድ ሲወጣ ሰው የለም፤ መኪናው ሄዷል። ሌላ መኪና እስኪገኝ፣ ከሆሳዕናም ሌላ አውቶቡስ እስኪሞላ ረፈደ፤ አዲስ አበባ የደረሰው ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። ቀጠሮው ለሌላ ወር ተዛወረ። አጎቴ በአንድ ዓይኑ ብቻ እያየ ሌላ አንድ ወር ጠበቀ ማለት ነው። እኔን አንድም ቀን አልወቀሰኝም፤ ይህ ደግሞ ከወቀሳ ይብሳል።

በዚያው ቀን መብራት መጣና ስልኬን ቻርጅ አድርጌ ሳመሳክር ሰዓቱ 40 ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል። ወደ ኋላ ቆጥሬ ስደርስበት ነገሩ እንዲህ ነው። ባትሪ ድንጋዩን ያስገባሁት ከምሽቱ 12፡40 ላይ ነው። ሰዓቱ ሬዲዮውን ቢፈልግ ቢፈልግ አላገኘም። ስለዚህ ከ0፡00 ተነስቶ ዝም ብሎ መቁጠሩን ቀጠለ። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት አዲስ ቆጠራ የሚጀመርበት በመሆኑ የተሳሳተው ሰዓት ትክክል መሰለን። ባትሪውን ቀን በ9 ሰዓት አስገብቼው ቢሆን ኖሮ ስህተቱ ወዲያው ይታወቅ ነበር። 2፡20 ሲል የእውነቱ ሰዓት 3፡00 ነበር፤ 10፡30 ብሎ ሲደውል ደግሞ 11፡10 ሆኖ ነበር። መኪናው ያመለጠው በ10 ደቂቃ ነው።

ሰዓቱ «ራሱን የሚያስተካክለው» እንዴት ነው?

በካርቶኑ ውስጥ የነበረውን ወረቀት ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። በወረቀቱ ላይ የአውሮፓ ካርታ፣ በካርታው ላይ ትልቅ ክብ፣ በክቡ መሐል ደግሞ ፍራንክፈርት አጠገብ ያለች አንዲት ነጥብ ነበረች። ነጥቧ ማይንፍሊንገን የሚባለው ቦታ ናት። እዚያ ዲ.ሲ.ኤፍ. 77 የተባለ የሰዓት ማሰራጫ ጣቢያ አለ። ጣቢያው ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን ሰዓቱንና ቀኑን በኮድ ማሰራጨት የጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። የሚያሰራጨው ዘፈን ወይም ወሬ አይደለም። በአቶሚክ ሰዓት የሚመራ ሲሆን በ77.5 ኪሎ ኸርዝ በየሴኮንዱ አንድ አጭር ምልክት ይልካል። ምልክቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሴኮንድ 1/10ኛ የሚቆየው «0»፣ የሴኮንድ 2/10ኛ የሚቆየው «1» ተብሎ ይነበባል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የተላኩት ምልክቶች ሲደመሩ የሚቀጥለውን ደቂቃ፣ ሰዓት፣ ቀን፣ ወርና ዓመት ይነግራሉ። በደቂቃው መጨረሻ፣ ማለትም በ59ኛው ሴኮንድ፣ ምልክት አይላክም፤ ያ ዝምታ አዲስ ደቂቃ ሊጀምር መሆኑን ያስታውቃል።

በሰዓቱ ውስጥ ያለችው ትንሽ አንቴና ይህን ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ሌሊት ታዳምጣለች፤ ሰዓቱም በሰማው መሠረት ራሱን ያርማል። ሌሎች አገሮችም የየራሳቸው ጣቢያ አላቸው። የእንግሊዙ ኤም.ኤስ.ኤፍ. እና የአሜሪካው ደብልዩ.ደብልዩ.ቪ.ቢ. በ60 ኪሎ ኸርዝ፣ የጃፓኑ ጄ.ጄ.ዋይ. በ40 እና በ60 ኪሎ ኸርዝ፣ የቻይናው ቢ.ፒ.ሲ. በ68.5 ኪሎ ኸርዝ ያሰራጫሉ።

ታዲያ ሀቢቾ ለምን አልሠራም? አጎቴ ቆርቆሮ ጣሪያውን ነበር የጠረጠረው። ልጆቹም እንደ ስልክ ኔትወርክ ሰዓቱን ይዘው ጉብታ ላይ ወጥተው ነበር። በእርግጥ ቆርቆሮ፣ ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር እንዲህ ያለውን ምልክት ያውካሉ፤ ጀርመን ውስጥ ቢሆን ሰዓቱን ወደ መስኮት ማስጠጋት ይረዳል። የእኛ ችግር ግን ርቀት ነው። የዲ.ሲ.ኤፍ. 77 ምልክት በደህና የሚደርሰው እስከ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከማይንፍሊንገን እስከ ሆሳዕና ደግሞ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው ሌሎች ጣቢያዎችም ቢሆኑ ለእኛ ሰዓቶች አይሆኑም። ጉብታው ላይ ቀርቶ ተራራ ላይ ብንወጣም ለውጥ የለውም።

ሌላም ነገር አለ። ምልክቱ ቢደርስ እንኳ የሚነግረን የጀርመንን ሰዓት ነው። ኢትዮጵያ በክረምታቸው ወቅት ከጀርመን በ2 ሰዓት፣ በበጋቸው ደግሞ በ1 ሰዓት ትቀድማለች። እነሱ በመጋቢትና በጥቅምት ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ ነው፤ እኛ አናዛውርም። ስለዚህ አንድ ሰው ጀርመን ተሞልቶ እየሠራ ያለ ሰዓት ቢያመጣላችሁ በ1 ወይም በ2 ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

እንግዲያው ይህ ሰዓት እዚህ አገር ዋጋ የለውም ማለት ነው? የለም፣ አለው። ሬዲዮው ባይሠራም ውስጡ ያለው ኳርትዝ ይሠራል። ይህች ክሪስታል በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች፤ ሰዓቱ የሚቆጥረው ይህን ነው። ጥሩ ኳርትዝ በወር የሚሳሳተው በግምት ከ15 እስከ 30 ሴኮንድ ነው። ዋናው ነገር እንደ ተራ ሰዓት በእጅ መሙላት፣ አልፎ አልፎም ማመሳከር ነው።

በእጅ ሲሞላ

የቁልፎቹ ስምና ቦታ ከሰዓት ሰዓት ይለያያል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተመሳሳይ ነው።

1ኛ. ወረቀቱን ከካርቶኑ ጋር አትጣሉት። የትኛውን ጣቢያ እንደሚያዳምጥ የሚናገረው እሱ ነው። በማናውቀው ቋንቋ ቢጻፍ እንኳ ካርታው ይበቃል።

2ኛ. ባትሪ ድንጋዩን ካስገባችሁ በኋላ የአንቴናው ምልክት እስኪያቆም ጥቂት ደቂቃ ታገሡ። ብዙ ሰዓቶች በፍለጋ ላይ እያሉ የሌሎቹን ቁልፎች ትእዛዝ አይቀበሉም። ልብ በሉ! ምልክቱ ሳይጠፋ ዝም ብሎ ከበራ ሰዓቱ ጣቢያውን አግኝቷል ማለት ነው። ከናካቴው ከጠፋ ግን ተስፋ ቆርጧል ማለት ነው። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

3ኛ. ሬዲዮውን መዝጋት የሚያስችል ምርጫ ካለው ዝጉት። በየሌሊቱ በከንቱ እየፈለገ ባትሪ ድንጋይ ይጨርሳል። የበጋ ሰዓት ማዛወሪያ ካለውም አጥፉት፤ አለበለዚያ አንድ ቀን ሳይነግራችሁ 1 ሰዓት ሊዘል ይችላል።

4ኛ. ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሙሉ። የሳምንቱን ቀን የሚያሰላው ከዚያ ተነስቶ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሞላችሁት ሰኞን ሌላ ቀን ሊለው ይችላል፤ ቅዳሜና እሁድ የማይደውል አላርም ያላቸው ሰዓቶች ላይ ይህ ትልቅ ጣጣ ያመጣል።

5ኛ. ሰዓቱን ከታመነ ምንጭ ውሰዱ። ከኔትወርክ ሰዓት በራሱ እንዲወስድ የተደረገ ስልክ ይሆናል። የሬዲዮ የሰዓት ምልክትም ጥሩ ነው። ለምሳሌ ቢ.ቢ.ሲ. እ.ኤ.አ. ከየካቲት 5 ቀን 1924 ጀምሮ የሚያሰማው ባለ 6 ድምፅ ምልክት አለ፤ ሰዓቱ የሚሞላው የመጨረሻው ድምፅ ሲጀምር ነው። ይሁን እንጂ በኢንተርኔት ወይም በሳተላይት የሚሰማ ሬዲዮ ጥቂት ሴኮንዶች ስለሚዘገይ ለዚህ ሥራ አይመረጥም። የጎረቤት የግድግዳ ሰዓት ደግሞ ምንጭ አይደለም፤ እሱም ከሌላ ጎረቤት የወሰደው ሊሆን ይችላል።

የሀበሻ ሰዓት ወይስ የፈረንጅ?

ለእኛ ትልቁ ወጥመድ ይሄ ነው። ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱን መርጦ የቤቱ ሰው ሁሉ እንዲያውቀው ማድረግ ያሻል።

የመጀመሪያው መንገድ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በ24 ሰዓት መሙላት ነው። አላርም ሲሞላ የቀኑ ሰዓት ላይ 6 ይደመራል። ከማታ 1 እስከ 5 ሰዓት ባለው ላይ 18 ይደመራል። ከሌሊቱ 6 እስከ ንጋት 12 ባለው ላይ ደግሞ 6 ይቀነሳል። ለምሳሌ፦

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል — 8፡30
ቀን 7 ሰዓት — 13፡00
ማታ 3 ሰዓት — 21፡00
ሌሊት 6 ሰዓት — 0፡00
ንጋት 11 ሰዓት — 5፡00
ንጋት 12 ሰዓት — 6፡00

ሁለተኛው መንገድ በሀበሻ አቆጣጠር መሙላት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን ሰዓቱን 1፡00 ላይ ታደርጉታላችሁ። በዚህ ጊዜ የቀኑ ሰዓት እንዳለ ይነበባል፤ የማታውና የሌሊቱ ሰዓት ላይ 12 ይደመራል። ማታ 1 ሰዓት 13፡00፣ ንጋት 11 ሰዓት ደግሞ 23፡00 ይሆናል ማለት ነው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ 0፡00 ይላል፤ ቀኑም የሚቀየረው ያኔ ነው። ለአጎቴ የሞላሁለት እንዲህ አድርጌ ነው፤ እሱ በሚያስብበት ሰዓት ቢያነበው ይሻላል ብዬ።

ሁለቱን መቀላቀል ግን አደጋ ነው። ሰዓቱ በፈረንጅ ተሞልቶ አላርሙ «ጠዋት 12» ተብሎ 12፡00 ላይ ከተደረገ የሚደውለው ቀን በ6 ሰዓት ነው። በእኛ ዶርም እንኳ በዚህ ምክንያት ፈተና ያረፈደ ተማሪ አለ። መርፌ ያላቸው ሰዓቶች ቀንና ሌሊት ስለማይለዩ በቀን ሁለቴ ይደውላሉ፤ ማታ የደወለው ሲዘጋ የንጋቱም አብሮ እንዳይዘጋ ማየት ያስፈልጋል።

አላርሙ ከተሞላ በኋላ የደወሏ ምልክት ስክሪኑ ላይ መታየቷን አረጋግጡ። ብዙ ሰው ሰዓቱን ብቻ ሞልቶ ደወሉን ሳይከፍት ይተኛል። ከዚያ አላርሙን ከ2 ደቂቃ በኋላ እንዲደውል አድርጋችሁ ሞክሩት። ለጉዞ ወይም ለፈተና ከመታመኑ በፊት ደግሞ ቢያንስ አንድ ሙሉ ሌሊት ፈትኑት፤ ጠዋት ከስልክ ጋር አመሳክሩት። ለትልቅ ጉዳይ በአንድ ሰዓት ብቻ አትተማመኑ። ሁለተኛ ደዋይ ወይም ሰው ይኑር፤ ዶሮም ቢሆን አይናቅም።

ጥንቃቄ

ባትሪ ድንጋይን በተመለከተ፦ አሮጌና አዲስ አትቀላቅሉ፤ የመደመርና የመቀነስ ምልክቱን አይታችሁ አስገቡ። ያለቀ ድንጋይ ሰዓቱ ውስጥ ከቆየ ፈሳሽ አውጥቶ ብረቱን ይበላል። ቻርጅ የማይደረገውን ቻርጅ ለማድረግ አትሞክሩ፤ ያለቀውንም እሳት ውስጥ አትጣሉ፤ ሊፈነዳ ይችላል። ፈሳሹ እጅ ከነካ በብዙ ውኃ ይታጠብ።

አንዳንድ ሰዓቶች እንደ ቁልፍ የምትመስል ትንሽ ክብ ባትሪ አላቸው። እሷን ሕፃናት እንዳያገኙ አደራ! ሕፃን ከዋጣትና ጉሮሮ ላይ ከቀረች በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ ትችላለች። እንዲህ ከተጠረጠረ እንዲያስመልሰው ሳያደርጉ፣ «በራሷ ትወጣለች» ብለው ሳይጠብቁ ወዲያው ወደ ሕክምና መሮጥ ነው።

በመብራት የሚሠራ ከሆነ፦ ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ለአሜሪካ የተሠራና 110 ወይም 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ሊቃጠል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። በትራንስፎርመር ቮልቴጁ ቢወርድ እንኳ አንዳንዶቹ የመብራቱን 60 ኸርዝ እየቆጠሩ የሚሄዱ ናቸው። በእኛ 50 ኸርዝ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ብዙዎቹ ከ0፡00 ወይም ከ12፡00 ይጀምራሉ፤ ስለዚህ መጠባበቂያ ባትሪ ያስፈልጋቸዋል። መብረቅ ሲኖር ከሶኬት ንቀሉት።

ሰዓቱን ከሻማ፣ ከኩራዝና ከውኃ አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ትራስ ሥር አትክተቱት። እጃችሁን ዘርግታችሁ የምትዘጉበት ቦታም አይሁን። ተነስቶ ሁለት እርምጃ ተራምዶ የዘጋ ሰው ተመልሶ የመተኛቱ ዕድል ያነሰ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለሙያችን የሚሆን ነገር ያለ ይመስለኛል። እኛ የሰዓቱን ታሪክ ያመንነው ሦስት ነገር አይተን ነው፦ ከውጭ አገር መምጣቱን፣ የምናከብረው ሰው የላከው መሆኑን፣ የተናገረውም ከግምታችን ጋር መቀራረቡን። ከሦስቱ አንዱም ግን ማስረጃ አይደለም። ሰዓቱ በበኩሉ አልዋሸንም፤ ምንጩን አለማግኘቱን በምልክት ነግሮናል። ምልክቱን እንዳሻኝ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ዜናም ሲመጣልን እንዲሁ ነው፤ ከሩቅ ከታወቀ ቦታ መጣ፣ ትልቅ ሰው ተናገረው፣ እኛም የጠረጠርነውን አለ ብለን ካሳለፍነው አንድ ሰው መኪና ያመልጠዋል።

አጎቴ በወሩ ተመልሶ ሄዶ ታክሟል። ለዚያ ጉዞ አላርሙን የሞላሁት እኔ ነበርኩ፤ ከስልኬ ጋር ሦስት ጊዜ አመሳከርኩት። ንጋት 10፡30 ላይ ሲደውል ግን አጎቴና አክስቴ ለባብሰው ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። አክስቴ «ዶሮው ጮኾ ነው የተነሳነው፤ ያንተንም ሰዓት እየጠበቅነው ነበር» አለችኝ። ሁለቱም ተስማምተው ነበር።